በሩ ተዘግቶ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም?

ሐይቅ ዳር (የክሩ ጀማሪ)

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት በሙሉ። የምጠይቀው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

የተሁለደሬ ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። አሥረኛ ክፍል ስደርስ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቼ ትምህርቴን አቋርጬ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሄድኩ፤ በሰው ቤት ሠርቼ የቤታችንን ጣሪያ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ካስቀየርኩ በኋላ ተመልሼ የማታ ትምህርት ጀመርኩ። የልጅነት ምኞቴ አዋላጅ ነርስ መሆን ነው። በመንደራችን ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ሲያወርዱ እያየሁ ነው ያደግኩት። ተሸካሚዎቹ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ያደርጋሉ፤ እየተቀያየሩ ይሮጣሉ፤ እኔም ውኃ በጆግ ይዤ ከኋላ እከተል ነበር። ከእነዚያ ሴቶች መካከል አንዳንዶቹ አልተመለሱም።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስጄ ውጤቴ ከግማሽ በታች ሆነ። አጎቴ ይህን እንደሰማ «ፈጣሪ መልሱን ሰጥቶሻል፤ የተዘጋ በር ማንኳኳት ድርቅና ነው፤ ወይ አግቢ ወይ ተመለሺ» አለኝ። ደላላው በየሳምንቱ ይደውላል። እናቴ ምንም አትልም፤ ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ የእርሷ ዝምታ ነው። ቤታችን እንደ ብዙ የወሎ ቤት የሁለት ሃይማኖት ቤት ነው፤ በክርስትና የጸናችው አክስቴ ለግሸን ማርያም ተስላልኛለች፤ እናቴ ደግሞ ወዳጃ (ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና እያፈላ የሚለምንበትን ጸሎት) አስቀምጣ ዱዓ አስደርጋልኛለች። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው የወደቅኩት።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ፈጣሪ እየፈተነኝ ይሁን ሌላ መንገድ እያሳየኝ በምን አውቃለሁ? የያዝኩትስ ተስፋ ነው ወይስ እልህ?

ወሎ ገራገሩ

አይዞሽ እኅቴ! ፈጣሪ ያሰብሽውን ይሙላልሽ። እኔ ምክር የለኝም፤ ክሩን ግን እከታተላለሁ፤ ወንድሜም በዚሁ ጉዳይ ላይ ነውና።

የኩታበር መምህር

የእምነቱን ነገር ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ይናገሩበት፤ እኔ በፈተናው ላይ ብቻ ልናገር፤ አጎትሽ የፈጣሪ መልስ ያሉት ነገር ብዙ ምድራዊ ምክንያት አለውና። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡትን ተመልከቺ፤ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ ከ2016ቱ 5.4 በመቶ፣ ከ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው በወደቀበት ፈተና የአንቺን ውድቀት ብቻ ነጥሎ መለኮታዊ መልስ ማድረግ፣ ፈጣሪ ለእነዚያ ሁሉ ልጆች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት መልስ ላከ እንደማለት ነው፤ ይህን ለመቀበል ይከብደኛል።

የእኛ አካባቢ ተማሪ ደግሞ ከሌላው የባሰ ጫና ነበረበት። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው ሳለ ያመለጠው ትምህርት፣ የተዘረፈው መጽሐፍና የተሰባበረው ወንበር እስካሁን በተማሪዎቼ ውጤት ላይ ይታየኛል። የማታ ተማሪ በዚህ ላይ ከቀን ተማሪው ያነሰ ሰዓት ነው የሚማረው፤ ቀን ሠርቶ ሲመጣም ዓይኑ ይከደናል። እምነት የጎደለሽ አይመስለኝም፤ የጎደለሽ የሒሳብ ሰዓት ነው። ውጤትሽን በየትምህርቱ ለይተሽ ብትጽፊልን ደስ ይለኛል።

ባቲ በር

መምህርን አከብራቸዋለሁ፤ ሆኖም እዚህ ገብቶ ለአጎትየው የሚናገር ሰው ስላላየሁ እኔ ልናገር።

እኔ በባቲና በሚሌ አድርጌ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክም በጀልባ ወደ የመን የተሻገርኩ ሰው ነኝ። የሄድኩት ሕልም ስላልነበረኝ አልነበረም፤ መካኒክ የመሆን ምኞት ነበረኝ። አባቴ ግን የ1966ቱን ረሀብ በልጅነቱ፣ የ1977ቱን ደግሞ ሚስትና ልጆች ይዞ ያየ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ልጁ «የዛሬ ስድስት ዓመት ዲፕሎማ ይኖረኛል» ሲለው የሚሰማው ስድስት ዓመት የሚለውን ብቻ ነው። በእርሱ ዕድሜ ሁለት ክረምት ብቻ ዝናብ ቀርቶ መንደር ባዶ ሲሆን አይቷል። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች ተስፋ አስቆራጮች ብለን ባንደመድም ይሻላል፤ ፍርሃታቸው የመጣው ከጥላቻ አይደለም። አጎትሽም «አግቢ ወይ ተመለሺ» ያለው ከሁለቱ በአንዱ እንጀራ እንደማይጠፋ ስለሚያምን ይመስለኛል።

ሌላም ነገር አለ፤ ቅር አትሰኚብኝ። የአንድ ሰው ሕልም ወጪው ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ ነው የሚወድቀው። አንቺ ስታጠኚ ታናናሾችሽን ማን እያስተማረ ነው? ይህን ሳትመልሺ ስለ ጸሎት ብቻ ብታወሪ ጥያቄው ጎዶሎ ይሆናል።

የላስታ ዲያቆን

ባቲ በር ያነሣው ነገር ትልቅ ነው፤ የእኔንም መልስ ከዚያው ልጀምር። ሁላችንም የዮሴፍን ታሪክ እናውቃለን፤ ነገር ግን ሕልሙንና ዙፋኑን ብቻ ይዘን መካከሉን እንዘልለዋለን። ዮሴፍ ሕልሙን ያየው የ17 ዓመት ብላቴና ሳለ ነው፤ በፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። በመካከል ባሉት 13 ዓመታት ውስጥ ስለዚያ ስለ ነዶውና ስለ ከዋክብቱ ሕልም አንዲት ቃል እንኳ ሲናገር አናገኘውም። የምናገኘው የጲጥፋራን ቤት ሲያስተዳድር፣ በግዞት ቤቱም ውስጥ የእስረኞቹን ጉዳይ በኃላፊነት ይዞ ሲሠራ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስደንቀኝ የራሱ ሕልም ሳይፈታለት የሌሎችን ሕልም ሲፈታ መገኘቱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃና የእንጀራ አበዛዎቹ አለቃ ፊታቸው ጠቁሮ አየና «ዛሬ ስለ ምን አዝናችኋል?» ብሎ ጠየቃቸው። በራሱ ሕልም መዘግየት የተመረረ ሰው የሌላውን ፊት አያይም።

እኅቴ በምን አውቃለሁ ላለችው ከዚህ የተሻለ መለያ የለኝም። ምኞትሽ በዘገየባቸው ዓመታት አንቺን ምን እያደረገሽ ነው? ፈተናውን ያለፉትን እያየሽ ውስጥሽ የሚቃጠል፣ የእናትሽን ዝምታ በክፉ የምትተረጉሚ፣ የያዝሽውን ሥራ የምትንቂ ከሆነ ወደ እልህ እየሄድሽ ነው። ምኞቱ እያለ የሌላውን ሕመም ማየት ካላቆምሽ ግን ተስፋ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ዛሬ በየአዳራሹ «ያሰብከው ሁሉ ይፈጸማል» እየተባለ የሚሰበከው ነገር ያሳስበኛል። ምኞት ሁሉ ከእግዚአብሔር አይደለም፤ ደግሞም የዮሴፍ ሕልም ፍጻሜው የወንድሞቹ መስገድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ነገር ነበር። ፍጻሜው በሰባቱ የረሀብ ዓመታት እህል መገኘቱ ነው፤ «ያ ባለ ሕልም መጣ» ብለው የተሳለቁት ወንድሞቹም ከዚያው እህል በልተዋል። የባቲ በር አባት ይህን ታሪክ ከማናችንም በላይ የሚረዱት ይመስለኛል።

የዳና ደረሳ

አሰላሙ ዐለይኩም። ዲያቆን ታሪኩን በመልካም አቅርቦታል፤ በእኛም ዘንድ የዩሱፍ ታሪክ በ12ኛው ሱራ፣ በ111 አንቀጾች ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ስፍራ የተነገረ ስለሆነ ጥቂት ልጨምርበት።

በቁርኣኑ ትረካ ዩሱፍ ሕልሙን በመጀመሪያ የሚነግረው ለአባቱ ነው፤ ነቢዩ ያዕቆብም ሕልሙን ለወንድሞቹ እንዳይናገር ያስጠነቅቁታል። ይህ ለእኅታችን ትልቅ ትምህርት አለው። ምኞትን ለሚጠብቀው ሰው መንገርና ለሰፈሩ ሁሉ ማውራት የተለያዩ ናቸው፤ በየሰርጉና በየለቅሶው «ፈተናው እንዴት ሆነ?» ለሚል ሰው ሁሉ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብሽም። እናትሽ፣ አክስትሽና አንድ አስተማሪ ቢያውቁ ይበቃል።

ሁለተኛው ስለ ሰብር ነው። ሰዎች ትዕግሥት ሲባል እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ይመስላቸዋል። ያዕቆብ ልጃቸውን ባጡ ጊዜ መልካም ትዕግሥትን መረጡ፤ ሆኖም አለቀሱ፤ ከሐዘን የተነሣም ዓይናቸው ነጣ። ስለዚህ ማልቀስሽ ከእምነት መጉደል አይቆጠርም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ልጆቻቸውን ሲያዝዙ ደግሞ ከአላህ እዝነት ተስፋ እንዳይቆርጡ ከመንገራቸው በፊት ሄደው ዩሱፍንና ወንድሙን እንዲፈልጉ ነው ያዘዟቸው። ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ አንቀጽ ውስጥ ናቸው። ዱዓ ያደረገ ሰው ፈላጊ ነው፤ እግሩንም ማንሣት አለበት።

ባቲ በር

የሁለታችሁም ንግግር ልብ ይነካል፤ አንድ ነገር ግን አስታውሱ። ዮሴፍም ቢሆን ለጠጅ አሳላፊው «ለፈርዖን አስታውስልኝ» ብሎ አማላጅ ፈልጓል፤ ሰውየው ግን ረሳው።

የላስታ ዲያቆን

እውነት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ረስቶታል። ነገር ግን በመጨረሻ የተጠራው በዚያው ሰው አፍ ነው። መጠየቁ ከንቱ አልሆነም፤ ዘገየ እንጂ።

እናት ከወረባቦ

ልጄ፣ እኔ ብዙ መጻፍ አልችልም፤ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ስለ እናትሽ ዝምታ አንድ ነገር ልንገርሽ። ወዳጃ ማስቀመጥ በዝምታ የሚሆን ነገር አይደለም። ቡናው ይገዛል፤ ዕጣኑ ይገዛል፤ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፤ ዱዓ የሚያደርጉት እናቶች፣ ዱበርቲዎቹ፣ ከየቤታቸው ይጠራሉ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪደርስ በጉልበት ተቀምጦ እጅ ዘርግቶ አሚን ማለት አለ። በዚያ መካከል የሚለመንለት ሰው ስም ይጠራል፤ እናትሽ የአንቺን ስም በጎረቤቶቿ ሁሉ ፊት ጠርታለች። የጠራችው ትዳር እንድታገኚ ነው ወይስ ትምህርትሽ እንዲሰምር? ጠይቂያት። እኔ እንደማውቀው ልጇ ዳግመኛ ወደ ዐረብ አገር እንድትሄድ የምትፈልግ እናት ደላላውን ቡና ትጠራለች እንጂ ዱበርቲ አትጠራም። ዝም ያለችው ወንድሟን ላለማስቀየም ይሆናል፤ እርሱ የቤቱ ታላቅ ሳይሆን አይቀርም።

የባቲውንም ልጅ ፈጣሪ ይርዳው፤ እውነቱን ነው፤ እኛ የ77ቱ ሰዎች ጎተራ ባዶ ሲሆን ዛሬም ያስደነግጠናል።

ቃሬዛ (የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ)

የዚህን ክር መግቢያ ሳነብ የስሜን ምክንያት ያየሁ መሰለኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመድበን እንድንሠራ ነበር የታሰበው፤ እኔ ከዚያ በኋላ ከገቡት ነኝ። ዛሬ አምቡላንስ የሚደርስበት ቀበሌ በዝቷል፤ ከመንገድ የራቁት ጎጦች ግን አሁንም በቃሬዛ ነው የሚያወርዱት።

እኅቴ፣ ያነበብኳቸው ምላሾች ሁሉ ፈተናውንና ሕልሙን አንድ አድርገውታል። አዋላጅ መሆን የምትፈልጊው ያቺ በቃሬዛ የምትወርድ ሴት እንድትመለስ ከሆነ፣ ወደዚያ የሚወስደው የዩኒቨርሲቲ በር ብቻ አይደለም። በጤና ሳይንስ ኮሌጆች በደረጃ የሚሰጥ የአዋላጅነት ሥልጠና አለ፤ ደሴም ኮሌጅ አለ። የመግቢያ መስፈርቱ ስለሚለዋወጥ ከሰው አፍ አትስሚ፤ የትምህርት ማስረጃሽን ይዘሽ ሬጅስትራሩን በአካል ጠይቂ። ከሥልጠናው በኋላ የብቃት ምዘና አለ፤ እርሱም ቀላል አይደለም፤ ብዙዎች የሚደጋግሙት ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። በየጤና ጣቢያው የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ይደረጋል። ሴቶቹ ተሰብስበው ቡና ይፈላል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ አዋላጇ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ራስ ምታትና ስለ እጅ ማበጥ ታስተምራለች፤ ቀናቸው የቀረበና ቤታቸው የራቀ ደግሞ በእናቶች ማቆያው እንዲቆዩ ይመከራሉ። እዚያ እንጨት የሚፈልጥ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ልጅ የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ ይጎድላል። አስፈቅደሽ አግዢ። ምጥ ክፍሉን ከበሩ ውጭ ሆነሽ ስትሰሚው፣ ሌሊት ተጠርታ ደም የነካው ቦት ጫማዋን የምታጥበውን አዋላጅ ስታያት፣ ምኞትሽ የልጅነት ትዝታ ብቻ ይሁን ወይም እውነተኛ ጥሪ ራስሽ ታውቂዋለሽ። አንዳንዶች እዚያ መጥተው በሳምንቱ ቀርተዋል፤ ይህም ነውር የለበትም፤ ቶሎ ማወቃቸው ጠቀማቸው።

የኩታበር መምህር

በዚህ ላይ ግን ከእኅት ቃሬዛ ጥቂት እለያለሁ። ሌላ በር ማየቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ልጅቱ ዳግመኛ ከመፈተኗ በፊት «አማራጭ አለሽ» ስንላት ሳናውቀው የአጎቷን ሥራ እየሠራን እንዳይሆን እሰጋለሁ። በእኛ አገር ዝቅ ያለውን መንገድ ለሴት ልጅ ማሳየት ይቀናናል።

ቃሬዛ

መምህር፣ እርስዎ ዝቅ ያለ ያሉት መንገድ የእኔ መንገድ ነው፤ በእርሱም ብዙ እናቶች ልጃቸውን አቅፈው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አይቻለሁ። ደግሞም ከደረጃ ሥልጠና ተነሥተው ዲግሪ የያዙ ባልደረቦች አሉኝ። ይሁን እንጂ ፈተናውን ትተወው አላልኩም፤ ሁለቱንም ትያዘው ነው ያልኩት።

የዳና ደረሳ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የእኅታችንን ድምፅ ካልሰማን ግን በእርሷ ሕይወት ላይ እኛ እየተከራከርን ነው።

ሐይቅ ዳር

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ዘግይቼ የመለስኩት የምሠራበት ሱቅ የሚዘጋው ከመሸ በመሆኑና መብራትም ጠፍቶ ስለነበረ ነው።

ለባቲ በር፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ አላስቀየመኝም፤ እንዲያውም ማንም በግልጽ ያልጠየቀኝ እርሱን ነው። ከሱቁ ከማገኘው ግማሹን ለቤት እሰጣለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቶ መሥራት ስለጀመረ የትንሿን እኅታችንን ወጪ እርሱ ወስዶታል። ይህን ያደረገው ራሱ ጠይቆኝ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ሪያድ እሆን ነበር፤ ስለዚህ ሕልሜ በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ ነው ያልከው እውነት ነው። አጎቴንም ከአሁን በኋላ በሌላ ዓይን አየዋለሁ፤ በ77 ከወንድሞቹ መካከል የተረፈው እርሱ ብቻ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ከእኔ ትምህርት ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም።

ለእናት፦ እናቴን ጠየቅኳት። በወዳጃው ላይ ስሜን ስትጠራ ምን ብለሽ ነው ያስለመንሽልኝ አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ «ሴቶቹ እጅሽ ላይ እንዲበረቱ ነው ያልኩት» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም፤ ጀበናውን ይዛ ወጣች።

ለዲያቆን፦ መለያህን በራሴ ላይ ሞከርኩት፤ በሁለቱም በኩል ነው የተገኘሁት። ያለፉ ጓደኞቼን ፎቶግራፍ ሳይ የምቃጠልበት ቀን አለ። ሱቅ የሚመጡ እርጉዝ ሴቶችን ስንት ወራቸው እንደሆነ፣ ክትትል መጀመራቸውን ሳልጠይቅ የቀረሁበት ቀን ግን የለም። ደላላውን አሁን ከስልኬ ዘግቼዋለሁ።

ለእኅት ቃሬዛና ለመምህር፦ ሁለቱንም እይዛለሁ። የሱቁ ባለቤት ፈቃድ ከሰጠችኝ በመጪው ሳምንት ደሴ ሄጄ ኮሌጁን እጠይቃለሁ፤ በዚያው ሳምንት የጤና ጣቢያውን ኃላፊም አነጋግራለሁ። ፈተናውን ደግሞ በግል እመዘገባለሁ። መምህር እንዳዘዙኝ ውጤቴን ለይቼ ሳየው ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ደህና ናቸው፤ ሒሳብና ፊዚክስ ጎትተውኛል፤ ስኮላስቲክ አፕቲትዩዱም እንዲሁ። ከየት ልጀምር?

የኩታበር መምህር

ከ12ኛው አትጀምሪ፤ ብዙ ልጆች እዚያ ነው የሚጠፉት። ከ9ኛ ክፍል ሒሳብ ጀምሪ፤ እኩልታዎችንና ክፍልፋዮችን ሳታዪ እጅሽ እስኪሠራቸው ድረስ አትለፊያቸው። ፊዚክሱ ላይ የሚያደናቅፍሽ አብዛኛው ነገር ያው ሒሳቡ ስለሆነ ለጊዜው ተዪው። መጻሕፍቱ አሉሽ?

ሐይቅ ዳር

የ9ኛውና የ10ኛው አሉኝ። የ11ኛው ግን የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ተገንጥለዋል፤ ሱቅ ውስጥ ስኳር የተጠቀለለበት ሳይሆን አይቀርም።

የኩታበር መምህር

የ11ኛው ትርፍ አለኝ። ደሴ የምወርደው ቅዳሜ ነው፤ ከደሴ ወደ ሐይቅ ግን የምልክበት ሰው የለኝም።

ባቲ በር

በደሴና በሐይቅ መካከል ሚኒባስ የምነዳ ሰው እያለሁ ይህ አያስቸግርም። በሐሳቤ አሁንም እንዳለሁ ነኝ፤ የቤት ጉዳይ ይቅደም ባይ ነኝ። መጽሐፉን ግን መናኸሪያው በር ላይ ካለው ሻይ ቤት አስቀምጡልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አደርሰዋለሁ። ሱቁ የትኛው እንደሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።